ምዕራፍ አራት፦ የሸማኔው ጸጋ

አባቴ ሸማኔ ነበር። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ የገባ፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ የኖረ ሰው ነው። ሽመና በቅርብ ላላየ ልንገር። ሸማኔ የሚቀመጠው በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው። እግሮቹ ታች ሆነው መርገጫዎቹን ሲያፈራርቁ ድሩ ከሁለት ይከፈላል፤ በተከፈተው መሐል መወርወሪያው ማጉን ይዞ ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ይበራል፤ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ መምታት፣ እንደገና መርገጥ፣ እንደገና መወርወር። ማጉን የምትፈትለው እናቴ ነበረች፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ በእንዝርት። የእኔ ድርሻ ከትምህርት ቤት መልስ ቀሰም መጠቅለል ነበር።

አንድ የጥምቀት ሰሞን፣ ትእዛዝ ተደራርቦበት ሳለ፣ አባቴ መወርወሪያውን አቆመና ጎንበስ ብሎ የሸመነውን በጣቱ ይዳስስ ጀመር። አንድ የድር ክር ተበጥሶ፣ ልብ ሳይለው ክንድ ያህል ሸምኖ አልፏል። በሸማው ላይ የሚታየው ነገር ከፀጉር የቀጠነ መስመር ነው። እናቴ ቀረብ ብላ አየችና «ይህን ማን ያየዋል? ሲታጠብ ይጠብቃል» አለችው። እሱ መልስ ሳይሰጥ ማጉን አንድ በአንድ ይመዝ ጀመር። መሽቶ መብራት እስኪበራ ሲፈታ ቆየ፤ በማግስቱ ያንኑ ክንድ እንደገና ሸመነው። ነጠላው የተሸጠው አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ ነው፤ አንድ ብር አልጨመረም። ለምን እንዲህ እንደደከመ ብጠይቀው «ይህን ለብሳ ለጸሎት የምትቆም ሴት አለች» አለኝ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ በምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ቀን ተደረገ። «አገልጋዮች በሙሉ ወደ ፊት ውጡ» ተባለ። ሰባኪዎች፣ ዘማሪዎች፣ ሽማግሌዎች፣ የጸሎት ቡድን መሪዎች ወጡ። እኔም የመዘምራን ቡድን አባል ነበርሁና ወጣሁ። ለእያንዳንዳችን ጋቢ ተደረበልን። የእኔን ትከሻዬ ላይ ሲያደርጉልኝ ጥለቱን አወቅሁት፤ የአባቴ እጅ ነበር። እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። ቅር አላለውም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ እውነተኛ ነበር። ያ ደስታ ግን በእኔ ውስጥ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። እግዚአብሔርን ያገለገለው ጋቢውን የለበሰው ብቻ ነው?

በአብያተ ክርስቲያናችን «አገልጋይ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ጠቧል። ዛሬ አንድ ሰው «አገልጋይ ነው» ሲባል ማይክ የሚይዝ ሰው ነው ወደ አእምሯችን የሚመጣው። «ሙሉ ጊዜ አገልጋይ» የሚባልም አለ፤ ሥራውን ትቶ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ማለት ነው። የእነዚህን ወገኖች ድካም አላቃልልም፤ ብዙዎቹ በትንሽ ደመወዝ፣ በኪራይ ቤት ልጆች እያሳደጉ የተሸከሙት ሸክም ከባድ ነው። ነገር ግን አነጋገሩ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። እነርሱ ሙሉ ጊዜ ካገለገሉ፣ ነርሷ፣ ሾፌሩ፣ ዳቦ ጋጋሪዋና ሸማኔው የሚያገለግሉት እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው ስድስት ቀን ለእንጀራ የሚውል፣ እግዚአብሔር የማይቆጥረው ጊዜ ነው ማለት ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይቆጥርም።

ለምሳሌ ባስልኤልን እንውሰድ። ስለ ዮሴፍ ፈርዖን የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት ሰው ነው ብሎ መስክሮለታል። እግዚአብሔር ራሱ ግን በስሙ ጠርቶ መንፈሴን ሞላሁበት ያለለት የመጀመሪያው ሰው ነቢይ አይደለም፣ ካህንም አይደለም። ከይሁዳ ነገድ የሆነው የኡሪ ልጅ ባስልኤል የእጅ ሙያ ሰው ነው። ታሪኩ በኦሪት ዘፀአት 31 ይጀምርና እስከ ምዕራፍ 38 ድረስ ይዘልቃል። መንፈሱ የተሰጠው ለምን እንደሆነም ተዘርዝሯል፤ ወርቅና ብር ናስም ለመሥራት፣ የከበረ ድንጋይ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ። ረዳት ሆኖ ከዳን ነገድ የአሂሳሚክ ልጅ ኤልያብ ተሰጠው። ምዕራፍ 35 ሲያበቃ በሁለቱ ልብ የተቀመጠው ጥበብ እንደገና ሲቆጠር ጥልፍ መጥለፍና ሽመና በስም ይነሣሉ። ማስተማርም አብሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ሙያቸው ከእነርሱ ጋር እንዳይቀር።

ይህን በአገራችን ታሪክ አጠገብ አስቀምጠን ብናነበው ያስደነግጣል። እኛ ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ ብለን ሰድበናል። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ ብለን ከማዕዳችን አርቀናል። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት ብለን ልጆቻችንን ሸሽገንባታል። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብለነዋል። ስድቡ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በዘመናቸው ማብቂያ አካባቢ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ በአዋጁ ውስጥ ብረት ሠሪውም፣ ሸማኔውም፣ ጸሐፊው ሳይቀር የሚሰደብበት ስም ተዘርዝሯል። እግዚአብሔር መንፈሱን ሞልቶ በስም የጠራውን ሙያ እኛ የስድብ ስም አውጥተንለታል። አባቴም ሽሮ ሜዳ ሲገባ ያ ስድብ በሰፈሩ ውስጥ ጠበቀው።

የናዝሬት ሰዎችም ይህንኑ አድርገዋል። ኢየሱስ በምኩራባቸው ሲያስተምር ጥበቡን ሰምተው ካደነቁ በኋላ ሊያሳንሱት የመረጡት ቃል «ጸራቢው» የሚል ነበር። ማገልገል ሲጀምር ዕድሜው 30 ዓመት ያህል እንደነበር ሉቃስ ጽፏል። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመኑ አብዛኛው በእንጨትና በመጥረቢያ መካከል ያለፈ ነው። በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ከሰማይ የመጣው ድምፅ ደስ እንደተሰኘበት መሰከረ፤ ገና አንድ ድውይ ሳይፈውስ፣ አንድ ስብከት ሳይሰብክ።

ላሊበላንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንኮራለን፤ ትውፊቱም ቀን ሰዎች ሲሠሩ ሌሊት መላእክት ያግዟቸው ነበር ይላል። ስለ መላእክቱ ብዙ ሲነገር ሰምቻለሁ። መሮ ይዘው፣ በዓለት ትቢያ ነጭተው፣ ቀን ቀን ስለሠሩት ሰዎች ግን የነገረኝ የለም። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ወደ ታች ሲፈለፍሉ የተሳሳተ አንድ ምት ተመልሶ የሚለጠፍ አይደለም። ያን ያህል ጥንቃቄ ያለ ጸጋ ይሆናል ብዬ ማመን ያቅተኛል።

ግእዝ ይህን ጉዳይ ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ይዞታል። «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ግብር» ይወጣል፣ ሥራ ማለት ነው፤ «ተግባር» ይወጣል፤ «ምግባር» ይወጣል፤ ምድሪቱን የሚሠራው «ገበሬ» ይወጣል። «ገብር»ም ከዚያው ነው፤ አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው። ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ክርስቶስ እያልን ልጆቻችንን ስንጠራ በአንድ ስም ውስጥ አገልጋይነትንና ሠራተኛነትን አብረን እንጠራለን። ቅዳሴውን የሚመራው ካህን «ገባሬ ሠናይ» ይባላል፤ መልካምን የሚሠራ። ዕብራይስጡም ከዚህ አይርቅም። «አቮዳ» የሚለው አንዱ ቃል እስራኤላውያን በግብፅ በጭቃና በጡብ ለተገፉበት ሥራም፣ በኋላ በድንኳኑ ውስጥ ላቀረቡት አገልግሎትም ያገለግላል። ከባርነት የወጡት ከሥራ ለመገላገል አልነበረም፤ የሚሠሩለት ጌታ ተለወጠ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት «ሊጦርጊያ» የሚሉት ቃልም መነሻው ግሪክ ነው። በጥንቷ አቴና ባለጠጋው ዜጋ ከገዛ ኪሱ የጦር መርከብ ሲያዘጋጅ ወይም ለበዓል የመዘምራን ቡድን ሲያሠለጥን ያ ሥራ ሊጦርጊያ ይባል ነበር፤ በራስ ወጪ ለሕዝብ የሚሠራ ሥራ። ክርስቲያኖች ይህን ቃል ወስደው ለቅዳሴ ሰጡት። መሥዋዕትነቱ ከመጀመሪያውም በቃሉ ውስጥ ነበር።

በቅዳሴው ውስጥ ሥራና አምልኮ የሚገናኙበትን ስፍራ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ፣ ሌሊት ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ወዳለችው ትንሽ ቤት ይጠጋ። ቤተልሔም ትባላለች። ዲያቆኑ ለመሥዋዕቱ የሚሆነውን ኅብስት የሚጋግረው በዚያ ነው። ስንዴ የተለቀመ ነው፣ የተፈጨ ነው፣ የተቦካ ነው፤ ወይኑም ከዘቢብ የተጨመቀ። ውጭ ብርድ ነው፣ ውስጥ ጭስ ነው። ከሰዓታት በኋላ ቃጭል እየተሰማ፣ ጥላ ተዘርግቶለት፣ ያ ኅብስት በመሶበ ወርቅ ወደ ቤተ መቅደሱ ሲገባ ሕዝቡ ይሰግዳል። ከመሠዊያው የሚቀርበው እሸት አይደለም፤ ገበሬ ያረሰው፣ ወፍጮ ያደቀቀው፣ እሳት ያበሰለው የሰው ላብ ነው። እኔ ያደግሁት በወንጌላውያን ቤት ነው፤ ይህችን ቤት ካየሁ ወዲህ ግን ስለ ሥራ ያለኝ አሳብ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

መሥዋዕት ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የጠራ መልስ ያገኘሁት ከአውድማ ላይ ነው። ንጉሥ ዳዊት መቅሠፍቱ እንዲቆም መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኢያቡሳዊው ወደ ኦርና አውድማ ሄደ። ኦርና ደግ ሰው ነበር። አውድማውን፣ በሬዎቹን፣ ለማገዶም የመውቂያውን ዕንጨት በነጻ አቀረበለት። ዳዊት አልተቀበለም። ምንም ያላስከፈለውን ነገር ለአምላኩ ማቅረብ አልወደደምና በ50 ሰቅል ብር ገዛው። ኦርና ምን ያህል እንደተደነቀ አልተጻፈም። ዳዊት ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር አስተማረን፤ መሥዋዕት የሚለካው በስጦታው መጠን ሳይሆን ከሰጪው ላይ በሚቆርጠው ነገር ነው።

በየዕለት ሥራ ላይ ይህ የሚቆርጥ ነገር የት ይገኛል? እኔ ያወቅሁት በመስኮት በኩል ነው።

በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የመዘምራን መሪ ሆኜም ነበር። የምሳ ሰዓት ጸሎት ነበረን፤ ከጓደኞቼ ጋር እንሰበሰባለን፣ መንፈሱ ሲነካን ሰዓቱን እንረሳለን። አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ ስመለስ ሰልፉ ተበትኖ አንድ አዛውንት ብቻ ቆመዋል። ከሩቅ ገጠር ለአንድ ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ መምጣታቸው ነው። ወረቀታቸውን ፈልጌ ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ይቅርታ ጠይቄ ጸሎት ላይ እንደነበርሁ ነገርኋቸው። አዛውንቱ ወረቀቱን አጣጥፈው ወደ ኮታቸው ኪስ እየከተቱ «ልጄ፣ ጸሎትህን ይቀበልልህ፤ እኔ ግን መኪናዬ አመለጠኝ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። መርቀውኝ ነው የሄዱት። ያን ሌሊት የት እንዳደሩ አላውቅም።

በዚያ ቀን ያቀረብሁት ጸሎት ዋጋውን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። እኔ የኦርናን አውድማ በነጻ ወስጄ መሠዊያ ሠራሁበት። ከዚያ በኋላ ለራሴ የቆረጥሁት ነገር ቢኖር በሥራ ሰዓት መስኮቱን ክፍት ማድረግ ነው። ቀላል አልነበረም። መዝሙር እየመራሁ በሕዝብ ፊት መቆም ነፍሴን ያረካት ነበር፤ ከመስኮት ኋላ ሆኖ የተበጣጠሰ መዝገብ መግለጥ፣ የተቆጣ ባለጉዳይ ማስተናገድ፣ እጅ መንሻ ይዞ የመጣውን በትሕትና መመለስ የሚያጨበጭብለት የለም። መሥዋዕቱ ያለው ግን እዚያ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ጭብጨባ የሌለው ሥራ አቡ ሩሚን የሚያህል ምስክር አላውቅም። ጎጃሜ መነኩሴ ነበር፤ ብዙ አገር የዞረ፣ ብዙ ቋንቋ የሰማ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ ታሞ ሳለ አስለን ደ ሸርቪል የሚባል በፈረንሳይ ቆንስላ የሚሠራ ሰው አገኘው። ከዚያ ሁለቱ አንድ ሥራ ጀመሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መተርጎም። ፈረንሳዊው እንደጻፈው በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ይቀመጥ ነበር። ይህ አሥር ዓመት ቆየ። ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አሥር ዓመት። ሥራው ሲያልቅ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ብዙም ሳይቆይ በወረርሽኝ ሞተ፤ ታትሞ አላየውም። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ገዛው፤ ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። እኛ ዛሬ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስንገልጥ ከሥሩ ያ የማክሰኞና የቅዳሜ ድካም አለ።

አስቴር ጋኖም አለች። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ በባሕር ስትወሰድ ጀልባው በጣሊያን መርከብ ተይዞ ነጻ ወጣች፤ በምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገች። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ ሁሉም የሚጠራው ኦነሲሞስ ነሲብን ነው፤ ይገባዋልም። ለትርጉሙ የሚያስፈልገውን የቃላት ክምችት፣ 15,000 ያህል ቃላት፣ ያሰባሰበችው ግን አስቴር ናት። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ የእናቶችን ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ ሲታተም በውስጡ የነበረው ቋንቋ አንዲት ከቤቷ የተሰረቀች ልጅ በልቧ ደብቃ ያወጣችው ቋንቋ ነበር። ጸጋዋ ቃላትን ማስታወስ ነው። ይህን ጸጋ በጳውሎስ ዝርዝሮች ውስጥ በስሙ አታገኙትም፤ ዝርዝሮቹም ሁሉን ለመጨረስ የተጻፉ አይደሉም።

የጳውሎስን ዝርዝሮች ያነሣሁት እግረ መንገዴን ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ተአምራትና ልሳን ከተጻፉበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «እርዳታ» እና «አገዛዝ» ተቆጥረዋል። አገዛዝ ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል የመርከብ መሪ የሚይዝ ሰው ሥራ ነው። ደብዳቤው የተላከላት ቆሮንቶስ የወደብ ከተማ ናት፤ አንባቢዎቹ ያን ሰው በየቀኑ ያዩታል። መርከብ መምራት የሚችል እጅና ልሳን የሚናገር አፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሰልፈው ሲነበቡ የሰሙ የወደብ ሠራተኞች ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ጸሐፊው ራሱም በዚያው ከተማ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ የኖረ ሰው ነው። በኤፌሶን ሕሙማን ይፈወሱበት ዘንድ ከአካሉ የተወሰዱት ጨርቆች ግሪኩ እንደሚለው የላብ መጥረጊያና የሠራተኛ ሽርጥ ናቸው። የሥራ ልብስ ነበር።

ጸጋዬ ምንድን ነው ብለው የሚጨነቁ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። ረጅም መልስ የለኝም። ሌላው የሚደክምበትን አንተ ሳትማረር የምትሠራው ምንድን ነው? አንተ ስትነካው ለሰው የሚቀልለው ነገር የቱ ነው? ሰዎች ሲቸገሩ በምን ጉዳይ ነው ወደ አንተ የሚመጡት? ከዚያ ጀምር። ጎረቤቶችህ ከአንተ በፊት አውቀውታል።

መድረክ ሲወሰድ አገልግሎት የት እንደሚገኝ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በደርግ ዘመን ተምረውታል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ እንመልከት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ሥሯ ከናዝሬት ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ምስክሮቿ ብዙዎቹ ቁስል የሚያጥቡ ድሬሰሮች ነበሩ። ጥር 1974 ዓ.ም. መንግሥት ዘጋት። ሕንጻዎቹ ተወረሱ፣ የባንክ ሒሳቡ ተያዘ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በሮቿ ሲከፈቱ ቁጥሩ ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ መድረክ አልነበረም፤ የድምፅ ማጉያ አልነበረም። የነበረው ሳሎን ነው፤ አምስት ስድስት ሰው፣ ዝግ ባለ ድምፅ የሚዘመር መዝሙር። የነበረው በየመሥሪያ ቤቱ በሐቀኝነቱ የሚታወቅ ሒሳብ ሠራተኛ፣ በየክፍሉ ተማሪዎቹን የሚወድ መምህር፣ የታሰሩትን ስንቅ የምታመላልስ እናት ነው። ስንቅ ማመላለስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እስር ቤት ደጃፍ ላይ ምግብ ይዞ መሰለፍ ስምን ማስመዝገብ ነበር።

ስለ መሥዋዕት እንዲህ አብዝቼ ስጽፍ አንድ ፍርሃት አለብኝ፤ ይህን ቃል ሰው ለማድከም የሚጠቀሙበት አሉ። ስለዚህ ወደ ባስልኤል ልመለስ። እግዚአብሔር ባስልኤልንና ኤልያብን ከሾመ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ የተናገረው ስለ ሰንበት ነው። ማደሪያው እየተሠራ ነው፣ ሥራው ቅዱስ ነው፣ ሠሪዎቹ መንፈስ የሞላባቸው ናቸው፤ ቢሆንም በሰባተኛው ቀን መዶሻው ይቀመጣል። ለእግዚአብሔር የሚሠራ ሥራ እንኳ ለእግዚአብሔር ሲባል ይቆማል። አራተኛው ትእዛዝ ደግሞ የሚያርፈውን ሲቆጥር ባሪያህንና ገረድህን አይረሳም። ባልና ሚስት ሆነው ሌሊቱን በጸሎት እያደሩ፣ ልጆቹን የምትጠብቅላቸው የቤት ሠራተኛ በዓመት አንድ እሑድ የማታገኝባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። የሚቀርበው መሥዋዕት የእሷ ነው፤ ስሙን የወሰዱት እነሱ ናቸው።

ከቤይሩትና ከዱባይ ኩሽናዎች ለአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ቆርቆሮ ገንዘብ የሚልኩ እህቶች አሉን። ስጦታቸው በእግዚአብሔር ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን ለእኔ ጥርጥር የለውም። እነሱን ግን ጨምሪ፣ ገና አልሰጠሽም እያለ በስልክ የሚያስጨንቅ ሰባኪ የዳዊትን መንገድ ስቷል። ዳዊት ዋጋውን ራሱ ከፈለ። ሙሴም ሕዝቡ ለማደሪያው የሚያመጣው ከበቂ በላይ ሲሆን አዋጅ አስነግሮ አስቆመ። በቃ ማለትም አገልግሎት ነው።

አባቴ ወደ መጨረሻው ዓይኑ ደከመ፤ ጉድጓዱ ውስጥ መውረድ ትቶ ከመወርወሪያው አጠገብ ጸሐይ እየሞቀ ይቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት ዘፀአት 35ን ላነብለት ሄድሁ። ስለ ምስጋናው ቀን አንስቼበት አላውቅም፤ ያን ቀንም አላነሣሁም። ስለ ባስልኤል ሳነብ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ሽመና የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ቆይ» አለኝ። «ምን ነበር ክሩ?»

ወደ ላይ ተመልሼ ፈለግሁለት። ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ ግምጃ፣ ጥሩ በፍታም እንደነበር ነገርሁት። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ባለው ጋቢ ጥለት ላይ ይመላለሱ ነበር።

«ማንስ ፈተለው?»

ያንንም ፈለግሁለት። በልባቸው ጥበብ ያለ ሴቶች ሁሉ በእጃቸው ፈትለው የፈተሉትን እንዳመጡ፣ የፍየል ጠጉሩንም የፈተሉት እነርሱ እንደሆኑ ተጽፏል። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱን ወደ ጓዳው መለሰ። ከውስጥ እናቴ የምትለቅመው ሽንብራ ሰፌድ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«እናትህን ጥራት» አለኝ። «እዚህ ላይ ደግመህ አንብብላት።»